የክርስትና መዝገብና የክትባት ካርድ፦ ለትምህርት በደረሱ ሕፃናት ጤና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊና ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው መሸንቲ የከተማና የገጠር መገናኛ ናት። በአስተዳደር ከባሕር ዳር ከተማ ጋር የተያያዘች ብትሆንም ዙሪያዋን የከበቧት የገበሬ ቀበሌያት ናቸው፤ ከሁለቱም ወገን የሚመጡ ልጆች በአንድ የመማሪያ ክፍል ይቀመጣሉ። የእነዚህ ልጆች ስም በሦስት መዛግብት ሊገኝ ይችላል። አንደኛው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የሚቀመጠው የክርስትና መዝገብ ነው፤ ሁለተኛው በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ያለው የክትባት መዝገብ ነው፤ ሦስተኛው የትምህርት ቤቱ የምዝገባ መዝገብ ነው። ሦስቱም ስለ አንድ ልጅ ይናገራሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይገናኙም። ስለዚህ አንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ፣ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ገብቶ፣ በመካከሉ የሚገባውን ክትባት ሳያገኝ ቢቀር ይህን የሚያስተውል ሰው ላይኖር ይችላል። ጉድለቱ የሚታወቀው ኩፍኝ ወደ ክፍሉ ሲገባ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለትምህርት በደረሱ ሕፃናት ዘንድ ክትባት ለምን እንደሚጓደል፣ መጓደሉ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስከትል፣ ካህናትና ሰበካ ጉባኤያትም ከሥርዓታቸው ሳይወጡ ክፍተቱን እንዴት ሊሞሉ እንደሚችሉ ለማስረዳት እንሞክራለን። መነሻችን መሸንቲ ብትሆንም ነገሩ በጣና ዙሪያ ያሉ አጥቢያዎችን ሁሉ የሚመለከት ነው።

የሚጀምሩት ብዙዎች፣ የሚጨርሱት ጥቂቶች

በኢትዮጵያ መደበኛው የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ስድስት በሽታዎችን ለመከላከል ነበር፤ እነርሱም የሳንባ ነቀርሳ፣ ዲፍቴሪያ የተባለው ጉሮሮ ዘጊ በሽታ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻ የሚባለው ፖሊዮ እና ኩፍኝ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ፣ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር የሚያመጡ ተሕዋስያን፣ እንዲሁም በሕፃናት ላይ ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለው የሮታ ቫይረስ መከላከያዎች ተጨምረዋል።

ሽፋኑ በየጊዜው በሚካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ይለካል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 14፣ በ1997 ዓ.ም. 20፣ በ2003 ዓ.ም. 24፣ በ2008 ዓ.ም. 39፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 43 ነበሩ። የአማራ ክልል ከአገር አቀፉ አማካይ ከፍ ያለ ውጤት ነበረው፤ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 46 ያህሉ ክትባታቸውን ጨርሰው ነበር። ይህ እድገት የብዙ ጤና ሠራተኞች ድካም ፍሬ ነው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ከተጠኑት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት ክትባታቸው ጎድሎ ነበር፤ እነዚያ ሕፃናት በ2018 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ሰባትና ስምንት ዓመት ሆኗቸው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚገኙ ናቸው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት አምስት መከላከያዎችን አጣምሮ የያዘውን የፔንታቫለንት ክትባት የመጀመሪያ ዙር ያገኙት ከመቶ 73 ሲሆኑ ሦስተኛውን ዙር ያገኙት 53 ብቻ ነበሩ። ምንም ዓይነት ክትባት ያላገኙት ደግሞ ከመቶ 16 ነበሩ። እንግዲህ አብዛኞቹ እናቶች ክትባትን እንቢ ያሉ አይደሉም። አንድ ጊዜ ሄደዋል፤ ምናልባትም ሁለት ጊዜ። የቀረው መጨረሱ ነው።

ለማቋረጥ የሚያበቁት ምክንያቶች ለካህናት እንግዳ አይደሉም። መንገዱ ይርቃል፤ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ይደርሳል፤ ሕፃኑ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ትኩሳት ስለ ያዘው እናቲቱ ትፈራለች፤ ካርዱም ይጠፋል። ከዚህ ሌላ ብዙዎች የማያውቁት ምክንያት አለ። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ የሚመጣ ሲሆን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚበቃ ነው፤ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ ባለሙያዋ ብልቃጡን ከፍታ የቀረውን ከመድፋት ይልቅ ሌሎች ልጆች በሚሰበሰቡበት ቀን እንድትመለስ የምትነግራት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የመጣች እናት ግን «ሌላ ቀን ነይ» መባሏን እንጂ የብልቃጡን ነገር አታውቅም። ሳትመለስም ትቀራለች። ሕፃናት በአንድ ቀን በብዛት የሚሰበሰቡበት ስፍራ ቢኖር ኖሮ ይህ ችግር ግማሹ ይወገድ ነበር፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ኩፍኝ በመማሪያ ክፍል

ለትምህርት ከደረሱ ሕፃናት ጋር በተያያዘ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው በሽታ ኩፍኝ ነው። በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ቫይረሱ በአየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መከላከያ በሌለው ሕዝብ መካከል አንድ ሕሙም ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ያስተላልፋል ተብሎ ይገመታል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ያህል አስቀድሞ መተላለፍ ስለሚጀምር መምህሩ ልጁን ወደ ቤቱ ሲሰድደው ጉዳቱ ደርሷል። ኩፍኝ የሳንባ ምችና ተቅማጥን ያስከትላል፤ በቂ ምግብና ቫይታሚን ኤ ያላገኘውን ሕፃን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፤ ሰውነት አስቀድሞ በሌሎች በሽታዎች ላይ ያከማቸውን የመከላከል ኃይልም ያዳክማል።

ስለዚህ በሽታው በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ እንዳይዛመት ከመቶ 95 የሚሆኑት ሁለት ጊዜ መከተብ እንዳለባቸው የጤና ባለሙያዎች ይናገራሉ። ይህን 60 ልጆች ባሉበት ክፍል እናስበው። ከመቶ 95 ማለት 57 ልጆች ማለት ነው፤ ያልተከተቡት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም።

ብዙ ወላጆች «ልጄ ለኩፍኝ ተከትቧል፤ ሁለተኛው ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ይህ ነው። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው። በዚያ ዕድሜ ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በደሙ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል ክትባቱ በአንዳንዶቹ ላይ አይሠራም። በ9 ወራቸው ከሚከተቡት መካከል ከመቶ 85 ያህሉ መከላከያውን ያገኛሉ፤ 15 ያህሉ ግን ተከትበውም ሳይጠበቁ ይቀራሉ። በምሳሌያችን ክፍል ያሉት 60 ልጆች ሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ቢከተቡ ዘጠኙ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው ማለት ነው፤ የትኞቹ እንደ ሆኑም በዓይን አይለይም። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ክትባት ከእነዚህ ዘጠኙ አብዛኞቹን ይደርስላቸዋል። ሁለተኛው ክትባት ለተጠበቀው ልጅ ትርፍ ቢመስልም ላልተጠበቀው የመጀመሪያው ነው።

የዛሬዎቹ ተማሪዎች የተወለዱበት ዘመን

በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው መርሐ ግብር የተጨመረው በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የተወለደው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወይም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። የ15 ወር ቀጠሮው የደረሰው ታዲያ ክትባቱ ገና አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ብዙ እናቶችም ከ9 ወር በኋላ ሌላ ቀጠሮ መኖሩን ሳይሰሙ ነበር። ከዚያም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ሕዝቡ ወደ ጤና ተቋማት መሄድን ፈራ፤ በሚያዝያ ሊካሄድ ታስቦ የነበረው አገር አቀፍ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻም እስከ ሰኔ መጨረሻ ዘገየ።

ከእነርሱ በታች በአፀደ ሕፃናትና በቅድመ መደበኛ ያሉት ታናናሾች ደግሞ የባሰ ዘመን ገጥሟቸዋል። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ አልፏል። መንገድ ሲዘጋ ክትባት ከማከማቻው አይወጣም፤ መብራት ሲቋረጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ መጠበቅ ያለበት መድኃኒት ይበላሻል፤ ባለሙያውም ወደ ቀበሌው መድረስ አይችልም። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበር ትምህርት በተከፈተበት ስፍራ ከሰባት ዓመት በላይ የሆናቸው ልጆችም ለመጀመሪያ ጊዜ ይመዘገባሉ። በአንድ ክፍል የሚቀመጡት እንግዲህ በልዩ ልዩ የችግር ዓመታት የተወለዱ፣ የክትባታቸው ጉድለትም የተለያየ ሕፃናት ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። በጨቅላነቱ ያመለጠውን ልጅ እንደ ገና ለማግኘት ከሁሉ የተሻለው አጋጣሚ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አገሮች በትምህርት መግቢያ ላይ የልጆችን የክትባት ካርድ እንዲመለከቱና የጎደለውን እንዲያሟሉ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ካርድ የሌለውን ልጅ ከትምህርት ገበታ መመለስ ግን የተሳሳተ መንገድ ነው። የጥያቄው ዓላማ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መምራት ብቻ ይሁን።

አርባና ሰማንያ ቀን

ቤተ ክርስቲያን ከትምህርት ቤቱ በፊት ልጁን የምታገኝበት ጊዜ አላት። በሥርዓታችን ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ይህን ከክትባት ቀጠሮዎች ጋር እናስተያየው። ሕፃኑ እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀጠሮዎች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ናቸው፤ በቀን ሲቆጠሩ 42ኛው፣ 70ኛውና 98ኛው ቀን ይሆናሉ። ከእነዚህ በኋላ የ9 ወርና የ15 ወር ቀጠሮዎች ይከተላሉ።

ወንድ ልጅ ክርስትና በተነሣ በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ታላቅ ቀጠሮው ይደርሳል። በክርስትናው ዕለት ካህኑ ለእናቱና ለክርስትና አባቱ «ከነገ ወዲያ ክትባቱ ነው» ቢሉ ቃሉ በጊዜው የተነገረ ነው። የሴት ልጅ ነገር ግን ይለያል። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የ42ኛውና የ70ኛው ቀን ቀጠሮዎች አልፈዋል፤ ለሦስተኛው የቀሩት 18 ቀናት ብቻ ናቸው። እናቲቱ «የአራስነቴ ቀን ሳይፈጸም ከቤት አልወጣም» ብላ ከቆየች ልጂቱ ሁለት ቀጠሮ አምልጧት ታገኛለች ማለት ነው።

በዚህ ላይ የካህናት ትምህርት እጅግ ያስፈልጋል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈውና በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የምንጠብቀው የአርባና የሰማንያ ቀን ቁጥር ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት የተነገረ ነው፤ እናት ልጇን ይዛ ወደ ጤና ኬላ እንዳትሄድ የሚከለክል አይደለም። ብዙ እናቶች ግን ሁለቱን አይለዩም። ምች ይመታኛል፣ የሰው ዓይን ያርፍበታል የሚለው ፍርሃትም ይጨመርበታል። ይህን ልዩነት በአራስ ቤት ጠበል ለመርጨት የሚገቡት የንስሐ አባት በሁለት ቃል ቢያስረዱ፣ የጤና ባለሙያ በብዙ ስብሰባ ከምታስረዳው ይልቅ ተሰሚነት ይኖረዋል፤ ስለ ሥርዓቱ የሚናገረው የሥርዓቱ ጠባቂ ነውና።

ክትባት ለአገራችን እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ምእመናን ክትባትን ከውጭ የመጣ ነገር አድርገው ይመለከቱታል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ራሱ ለካህናት የሚያስታውሰው ነገር አለ። «ከተበ» በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ «ክታብ» እና «ክትባት» ከዚሁ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ዘመናዊው የፈንጣጣ ክትባት ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት አባቶቻችን ከፈንጣጣ ሕሙም ቁስል ጥቂት ወስደው የጤነኛውን ሰው ክንድ በመብጣት ያስገቡ ነበር፤ በዚህም ሰውየው በቀላሉ ታሞ ከብርቱው በሽታ ይድን ነበር። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህን ልማድ አይቶ ጽፏል። ልማዱ በደጋማው የአገራችን ክፍል እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል።

የቀደመው ዘዴ አደጋ ነበረበት፤ የተከተበው ሰው ሊሞት ወይም በሽታውን ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችል ነበርና። በጥር 1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ደኅንነቱ በተጠበቀው ክትባት ተራራውንና ቆላውን አዳርሶ፣ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕሙም ተገኘ። በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ለዓለም ታወጀ። ፊታቸው በፈንጣጣ ጠባሳ የተበሳሳ ሽማግሌዎችን ያየ የእኛ ትውልድ፣ ልጆቹ ያንን ጠባሳ አለማየታቸው ከምን እንደ መጣ ሊመሰክር ይችላል።

ከምእመናን የሚነሡ ጥያቄዎች

«ጠበል እያለ ክትባት ለምን?» የሚል ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያናችን ጠበልንና ሕክምናን አታጣላም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ባለ መድኃኒት ሊከበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲጠቀሙ ማስተማራቸው ብዙዎችን ከሞት አድኗል። ለክትባትም መንገዱ ይኸው ነው።

«ክትባቱ ልጄን አሳመመብኝ» የምትል እናት አለች። ከክትባት በኋላ ቀላል ትኩሳትና የተወጋው ስፍራ ማበጥ የተለመዱ ናቸው፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋሉ። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ሕፃኑ ጡት እንቢ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ክትባት መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ደግሞ መሠረት የለውም፤ በአገራችን መደበኛው ክትባት ከተጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከተቡት ሕፃናት ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ናቸው።

«ካርዱ ጠፍቷል፤ ልጄ በዘመቻ ተከትቦ ይሆናል፤ አላስታውስም» የሚሉም ብዙዎች ናቸው። በቀኝ ክንዱ ላይ ያለው ትንሽ ጠባሳ ልጁ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ማግኘቱን ያመለክታል፤ ሌላውን ሁሉ አግኝቷል ማለት ግን አይደለም። በዘመቻ የተሰጠ ክትባትም ብዙ ጊዜ በካርድ ላይ አይጻፍም። እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ የኩፍኝ ክትባትን ደግሞ መውሰድ አይጎዳም። ለሌሎቹ ክትባቶች የዕድሜ ወሰን ስላለ የትኛው እንደሚሰጥ የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። ካህኑ ወይም የሰበካ ጉባኤው አባል ይህን መወሰን አይጠበቅበትም፤ ልጁን ወደ ባለሙያው ማድረስ ይበቃዋል።

የአብነት ተማሪዎቻችን

ስለ ትምህርት መግቢያ ስንናገር የራሳችንን ትምህርት ቤት መርሳት የለብንም። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማትና አድባራት የአብነት ተማሪዎች ከፊደልና ከንባብ ጀምሮ እስከ ቅኔው በየጉባኤው ይማራሉ። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ርቀው፣ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቀው የሚያድሩ፣ በአኮፋዳቸው ቁራሽ እየለመኑ የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት ስላልተመዘገቡ በትምህርት ቤት የሚደረገው ፍተሻ አያገኛቸውም፤ የሚኖሩበት ቀበሌ የተወለዱበት ስላልሆነ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ መዝገብ ውስጥም ስማቸው የለም። ክርስትና የተነሡበት መዝገብም በሩቅ አጥቢያ ነው። ከሦስቱ መዛግብት አንዱም በአካባቢው አያውቃቸውም።

ኩፍኝ በእንዲህ ያለ ጎጆ ቢገባ የሚያስታምም እናት የለም። ስለ እነዚህ ልጆች የሚጠየቅ ቢኖር እኛው ነን። የኔታ የተማሪዎቻቸውን ስምና ዕድሜ ለሰበካ ጉባኤው ቢሰጡ፣ ሰበካ ጉባኤውም የጤና ባለሙያዎች ወደ ጉባኤ ቤቱ እንዲመጡ ቢጠይቅ፣ ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥርም «ተከትበሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የቅበላው ሥርዓት አካል ሊሆን ይችላል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

የተከበራችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ተግባራት አዲስ በጀት የማይጠይቁ ናቸው።

አንደኛ፣ በክርስትና መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። ክርስትና ሲመዘገብ ጸሐፊው «የክትባት ካርድ አለው? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅና ይጻፍ። ካርድ አለመያዝ ግን ክርስትናውን በምንም መንገድ ሊያዘገይ ወይም ሊከለክል አይገባም። ምሥጢረ ጥምቀት ቅድመ ሁኔታ የሚደረግበት ነገር አይደለም።

ሁለተኛ፣ አደራው ለክርስትና አባትና እናት ይሰጥ። እነርሱ ልጁን በሃይማኖትና በምግባር እንዲያሳድጉ ቃል የገቡ ናቸው፤ የ9 ወርና የ15 ወር ቀጠሮን ማስታወስም ለእነርሱ የሚከብድ አይሆንም። ብዙ ልጆች የሚቀሩት በእነዚህ በሁለቱ የመጨረሻ ቀጠሮዎች ነው።

ሦስተኛ፣ ሕፃናት የሚሰበሰቡበት ቀን ይመረጥ። አስቀድመን የጠቀስነው የብልቃጥ ችግር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። በየወሩ በአጥቢያው ታቦት መታሰቢያ ቀን ወይም በሰንበት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግሮ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ባለ አዳራሽ ወይም ጥላ ሥር የክትባት አገልግሎት እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። የሚቆርቡ ሕፃናት ስላሉ፣ በአፍ የሚሰጡት ጠብታዎች ከቁርባን ጋር እንዳይጋጩ ሰዓቱ ከካህናት ጋር ይወሰን።

አራተኛ፣ በነሐሴና በጳጉሜን ስለ ትምህርት ምዝገባ በዐውደ ምሕረት ሲነገር ስለ ክትባት ካርድም አብሮ ይነገር። በወረዳው ወይም በቀበሌው ያሉ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በሰበካ ጉባኤው አዳራሽ አንድ ጊዜ ቢገናኙ ሦስቱ መዛግብት የሚተያዩበት መንገድ ይከፈታል። ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና የአብነት ተማሪዎች በዚህ ውይይት ተለይተው ይጠቀሱ።

አምስተኛ፣ ምስጢር ይጠበቅ። ልጃቸውን ያላስከተቡ ወላጆች ስማቸው በጉባኤ ፊት ሊጠራ አይገባም። እናትን ማሳፈር ከጤና ጣቢያው ብቻ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያንም ያርቃታል። የንስሐ አባት በቤቷ ተገኝተው በፍቅር ቢጠይቋት ግን ምክንያቷን ትናገራለች፤ ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ጎረቤት ልጆቿን እንድትጠብቅላት ማድረግ ወይም ወደ ጤና ጣቢያው የሚሄድ ሰው አብሯት እንዲሄድ መለመን ሊሆን ይችላል።

በመሸንቲም ሆነ በሌሎች አጥቢያዎች፣ ከሰባት ዓመት በፊት በክርስትና መዝገባችን ላይ የጻፍናቸው ስሞች ዛሬ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ እየተጻፉ ነው። መዝገቡን እናውጣው፤ በዚያ ዓመት ክርስትና ከተነሡት መካከል ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ያላገኙት እነማን እንደ ሆኑ ከጤና ባለሙያዋ ጋር ተቀምጠን እንመልከት። ሥራው ከአንድ ገጽ ሊጀምር ይችላል። በዚያ ገጽ ላይ ያሉት ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን እቅፍ የተወለዱ ልጆቻችን ናቸው፤ ስለ ነፍሳቸው እንደምንጠየቅ ሁሉ ልንጠብቃቸው ስንችል ስለ ጎዳናቸው ሥጋም እንጠየቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።